የአባዬን ቶርኖ የለካንበት ቀን

ባሌ ጀማሉ ጫማ ለመግዛት ሦስት ገበያ የሚዞር ሰው ነው። ቶርኖ ልግዛ ሲል ምን እንደሚመጣብኝ ያኔ ማወቅ ነበረብኝ።

ቡታጅራ ውስጥ ወፍጮ ጠጋኝ ነው። ግቢያችን ውስጥ በቆርቆሮ በከለላት ክፍል ይበይዳል፣ ይሞርዳል፤ ብረት እያሽከረከረ በልኩ የሚቆርጠው ቶርኖ ግን የለውም። የወፍጮ ቡሽ፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት፣ ባለቀ ቁጥር አዲስ አበባ ልኮ ያሠራል። ቡሹ እስኪመጣ ወፍጮው ይቆማል፣ ሴቱ ሁሉ እህሉን ተሸክሞ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፣ ባለወፍጮው ደግሞ ስልክ ይደውላል። ጀማሉ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከተቀመጠበት ይነሳል።

ስለዚህ የሁለት ዓመት የበርበሬ ሽያጭ ገንዘባችንን ይዘን መምረጥ ጀመርን። "ጀመርን" ያልኩት እንዲያው ነው፤ እሱ ይመርጣል፣ እኔ እሰማለሁ። አዲሷ የቻይና ትንሿ ቶርኖ ዋጋዋ ይቀመሳል፤ ግን ጠንከር ያለ ብረት ስትነክስ ትንቀጠቀጣለች አሉት። ትልቁ አሮጌው አይንቀጠቀጥም፤ ግን በቤት መብራት አይሠራም። ምሳ እየበላን "ባሂራ፣ ብትንቀጠቀጥስ?" ይለኛል። እንጀራ ስጨምርለት "መብራት ኃይል መስመር ቢከለክለኝስ?" ይላል። ስምንት ወር እንዲህ ኖርን። በመጨረሻ እኔም መፍራት ጀመርኩ፤ ከተሳሳትን ሁለተኛ የምንገዛበት የለንም።

አባዬ የደወለው ያኔ ነው። ወልቂጤ ላይ ሠላሳ ዓመት በቶርኖ የኖረ ሰው ነው። የእሱ ማሽን ትንሽ ናት፤ ሞተሯም በቤት መብራት እንዲሠራ ከተቀየረ ቆይቷል። "ልሸጣት ነው። የደከመች ይመስለኛል። ጀማሉ ከፈለገ መጥቶ ይያት" አለኝ።

ጀማሉ ደስ ይለዋል ስል ፊቱ አመድ መሰለ። አሮጌ ቶርኖ በዓይን አይታወቅም። ብረት ቆርጦ ሁለቱን ጫፍ ውፍረት በሚለካው ካሊፐር መለካት ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ከተበላ አንዱ ጫፍ ይወፍራል። ታዲያ አማቱ ፊት ካሊፐር መዝዞ የአማቱን ማሽን ሊለካ ነው? "ቃላቸውን አላመንኩም ማለት አይደለም እንዴ? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኛል" አለ። አልፈልግም ቢልም ነውር ነው፣ ሳይለካ ቢገዛም ጥፋት ነው። ካሊፐሩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወጣ። እኔ አንስቼ ሳያየኝ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ይሉኝታ በርበሬዬን ሲበላው ቁጭ ብዬ አላይም።

አገና ላይ ሚኒባስ ስንቀይር ኪሱን ዳበሰና አየኝ። እስከ ወልቂጤ ላብ በላብ ሆኖ ሄደ። እኔ ደግሞ መንገዱን ሙሉ "ያ አላህ፣ ማሽኗ ጤነኛ ትሁን" እያልኩ ነበር።

አባዬ ከዙሁር ሶላት ተመልሶ ጠበቀን። ሰላም ከተባባልን በኋላ በቀጥታ ወደ ማሽኗ ወሰደን። ሁልጊዜ የሚለብሰውን ያንኑ ካፖርት ለብሷል፤ ቀኝ ኪሱ እንደተለመደው ወደ ታች ተጎትቷል። ብረት ነክሶ የሚይዘውን የማሽኗን መንጋጋ የሚያጠብቀው ቁልፍ ሁልጊዜ እዚያ ነው። መስጊድም፣ ለቅሶም፣ የእኔ ኒካህ ላይም አብሮት ነበር። እናቴ ያንን ኪስ ስትሰፋ ነው ያረጀችው።

ጀማሉ ማሽኗን ዞራት፣ ዳሰሳት፣ "ማሻአላህ" አለ። እጁ ወደ ጃኬቱ ይሄድና ይመለሳል። አባዬ አየው።

"ኪስህ ውስጥ ያለውን አውጣው።"

ጀማሉ ደነገጠ። "አባባ፣ አፉ ይበሉኝ፣ እኔ እኮ..."

"እኔ ነኝ የከተትኩት" አልኩ።

"ደግ አደረግሽ።" አባዬ ከጠረጴዛው ሥር አንድ የቀለም ቆርቆሮ በእግሩ ጎተተ። በቡሽ ተሞልቷል። "እነዚህ የተመለሱብኝ ናቸው። አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጠበበ እያሉ ያመጡልኛል። ለሰው ሁሉ ማሽኗ ደክማ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ግን አላውቅም። ወይ እሷ ናት፣ ወይ እኔ ነኝ። በል ቁረጥና ለካ።"

ማሽኗ ጤነኛ ከሆነች የደከመው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ ምን ብዬ ልለምን?

ጀማሉ ክንድ የሚያህል ብረት አስሮ ቆረጠ። ማሽኗ አልጮኸችም፣ አልተንቀጠቀጠችም። አጠፋትና አንዱን ጫፍ ለካ፤ ሌላውን ለካ፤ እንደገና ለካ። ሦስተኛ ጊዜ ሲለካ መልሱን ፊቱ ላይ አየሁት። ጤነኛ ናት።

"እህ?" አለ አባዬ።

ጀማሉ ወደ እኔ ዞረ። ደክማለች በለው፣ ብዬ በዓይኔ ለመንኩት። ማንን ይጎዳል?

"ትንሽ..." ብሎ ጀመረ።

"ትንሽም ብትሆን ከዋጋው እቀንሳለሁ። የደከመ ማሽን በደህና ዋጋ ለልጄ ባል አልሸጥም።"

አፈርኩ። አባቴን ላድነው ብዬ ልሰርቀው ነበር። ጫማ ለመግዛት ሦስት ገበያ የሚዞረው ሰው ካሊፐሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ "አባባ፣ እኩል ነው" አለ። "ሁለቱም ጫፍ እኩል ነው። ማሽኗ ምንም አልሆነችም።"

አባዬ ካሊፐሩን ተቀበለው። ወደ መስኮቱ ዞሮ አቀረበው፣ አራቀው፣ እንደገና አቀረበው። ቁጥሩን ሳያነበው መለሰለት።

"አልሐምዱሊላህ" አለ። "እንኳን እሷ ደህና ሆነች።"

ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለጀማሉ ሰጠው። "መንጋጋው ላይ ረስተኸው እንዳታስነሳት፤ ተወርውሮ ሰው ይገድላል።" እኔ አልቻልኩም፤ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ማሽኗን አይሱዙ ላይ ስናስጭን አባዬ በሩ ላይ ቆሞ "ቀስ፣ ቀስ በሉ፣ ገመዱን አጥብቁ" እያለ ያዝዛል። ካፖርቱ በሁለቱም በኩል እኩል ወርዷል። ሁለት ጊዜ እጁን ቀኝ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሲፈልግ አየሁት።