ርብቃ ብቻዋን ሞያሌ

የርብቃ ወንድም ዕንባቆም ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲነሳ የከምባታዋ የሺንሺቾ ከተማ ሽማግሌዎች ጸልየው ሸኙት። ብዙም ሳይቆይ ሞያሌ ላይ ሞቶ ተቀበረ ተባለ፤ ሺንሺቾ ላይ ድንኳን ተጥሎ ፎቶው ፊት ተለቀሰ። ልብስ ሰፊዋ ርብቃ ግን አላመነችም፤ ገበያ ውስጥ የእሱ ጀርባ እየመሰላት ስንቱን ሰው ተከትላለች።

መቃብሩን ልታይ ብቻዋን ስትነሳ ሽማግሌዎቹን ያንኑ ጸሎት ለመነች።

«ሴት ልጅ ብቻዋን? ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?» አሏት አንዱ ሽማግሌ።

«እሱስ ከማን ጋር ሄደ፣ አባባ?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። ወንድ ወደ ሞቱ ሲሄድ የሚመርቅ አፍ፣ ሴት የሞተባትን ልትፈልግ ስትሄድ የሚዘጋው ለምንድን ነው?

ሳትመረቅ ሄደች። የሞያሌ ሰዎች ስም የሌለበት የአፈር ክምር አሳዩዋት። በከምባትኛ ስሙን እየጠራች አናገረችው። እዚያው ተንበርክካ ለመመለሻዋ መንገድ ራሷ ጸለየች።