የአባቴ ወንበርና የእንግሊዝኛ ትምህርቴ

እንግሊዝኛ ልማር ብዬ የተመዘገብኩት በንዴት ነው። እቃ የሚልክልን የውጭ ነጋዴ በቪዲዮ ሲደውል «የስ፣ የስ» እያልኩ ስስቅ፣ ለካ ያልፈለግኩትን ቀለም እያዘዝኩ ኖሯል። ሱቃችን እስከ ጣሪያው በሐምራዊ ሳፋ ተሞላ። ሲኒማ ራስ አጠገብ ከሰዓት በኋላ ለነጋዴዎች የሚሰጥ ትምህርት አለ ሲሉኝ በማግስቱ ሄድኩ።

አስተማሪያችን ልጄ ልትሆን የምትችል ቀጭን ወጣት ናት፤ ቀልድ ግን አታውቅም። አሁን እየተደረገ ስላለ ነገር መናገር ስንጀምር አንድ ሕግ አወጣች፤ ዓይናችሁ የሚያየውን ብቻ ተናገሩ። ከዚያ ከፊት የተቀመጡትን የቅመም ነጋዴ «አሁን ምን እያደረጉ ነው?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻቸው። ሰውየው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አይ አም ካሚንግ» አሉ። እየመጣሁ ነው ማለታቸው ነው።

«ጋሼ፣ ተቀምጠው ወዴት ነው የሚመጡት?»

«እንዴ! ሁልጊዜስ ተቀምጬ አይደል የምለው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መርካቶ ውስጥ በስልክ «እየመጣሁ ነው» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ካልሲውን እየፈለገ ነው። «ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ደርሻለሁ» ካለ ደግሞ ጫማውን አድርጓል ማለት ነው። ይሄን ማንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም። ባለሱቁ በሌለበት ደንበኛ ከመጣ ጎረቤት «እየመጣ ነው፣ ቁጭ በል» ብሎ ወንበር ያቀርባል እንጂ «የለም» ብሎ አይሸኝም። መምህራችን ይሄ ሁሉ ሲነገራት ግንባሯን ያዘች።

እኛ ሱቅም እየመጣ ነው የሚባል ሰው ነበረ፤ አባቴ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያለው ሱቅ የእሱ ነው፤ ድስት፣ ሳፋና ፔርሙዝ በጅምላ ሲሸጥ እያየሁ ነው ያደግሁት። ባለፈው ክረምት ደረጃ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ሐኪሙ ድኗል፣ አሁን ይራመድ ካለ ወራት አልፈዋል፤ እሱ ግን ከከተማው ዳር ካለው ኮንዶሚኒየማችን አልወጣ አለ። ምርኩዝ ይዞ መርካቶ መግባት አልተዋጠለትም። «የተሸካሚ ሁሉ መጫወቻ ልሁን? 'አባባ ዞር ይበሉ' ሊሉኝ?» አለኝ አንድ ቀን፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን ማንሳትም አልወደደም። ስደውልለት «ደህና ነኝ» ይልና ይዘጋዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሲጮህ የኖረ ሰው ዝም ሲል ያስፈራል። እዚያው ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። በር ላይ ባለችው የብረት ወንበሩም ማንንም አላስቀምጥም ነበር።

የቤት ሥራችን በር ላይ ቆሞ የሚያዩትን ለሰው መናገር ነበር። ልጆቼ አነጋገሬን እያስመሰሉ ስለሚስቁብኝ አባቴ ጋ ደወልኩ። እሱ እንግሊዝኛ አይችልም፤ ስለዚህ አይስቅብኝም።

«ኤ ማን ኢዝ ካሪዪንግ ኤ ሶፋ» አልኩት።

«ምን ሆነሻል?»

«የቤት ሥራ ነው አባዬ። አንድ ሰውዬ ሶፋ ተሸክሞ እየሄደ ነው።»

አሁን ይዘጋዋል ብዬ ስጠብቅ «ብቻውን?» አለኝ።

«ብቻውን። በእኛ በር በኩል።»

«አብዷል እንዴ? በዚህ ሰዓት በዚያ ይታለፋል? ጋሪዎቹ ይዘጉበታል። አሁንስ የት ደረሰ?»

እውነትም ጋሪዎቹ ዘጉበት። ሰውየው መሐል መንገድ ላይ ሶፋውን አውርዶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ራሱ ተቀመጠበት። ይሄን ስነግረው አባቴ ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ስለነበር የማውቃት ትንሽ እንግሊዝኛ እንኳ ጠፋችኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ቀትር ላይ እደውላለሁ። ከዘገየሁ ራሱ ደውሎ «ዛሬ ትምህርት የለም?» ይላል። አንዳንዴም የሚጠይቀው ስለ ጓደኛው፣ ከፊት ለፊታችን ጫማ ስለሚሸጡት ሐጂ ነው።

«ሐጂ ኢዝ ፕሬዪንግ፤ እየሰገዱ ነው» አልኩት አንድ ቀን። ሐጂ ለጊዜው የለሁም ለማለት መጥረጊያቸውን ሱቃቸው በር ላይ አጋድመው መስጊድ ሄደው ነበር። መምህሬ ብትሰማኝ ትቆጣ ነበር፤ ሲሰግዱ በዓይኔ አላየሁማ።

«ሱቃቸውን ማን እያየ ነው?»

«እኔ።»

«ታዲያ ስልክ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

እንዲህ ነፍስ ዘራ። መቼ እንደሚመጣ ስጠይቀው ግን መልሱ ያው ነበር፤ «እየመጣሁ ነዋ።» እኔም የመርካቶ ልጅ ነኝ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባኛል።

አንድ ማክሰኞ ምሳ በልቼ ስመለስ አንድ ሽማግሌ አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘሁ። ብልጭ አለብኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ሐጂ ከማዶ በእጃቸው ተይ አሉኝ። ሰውየው የአባቴ የድሮ ደንበኛ ናቸው፤ ለሱቃቸው እቃ ሊገዙ ከቡታጅራ መጥተዋል። «እየመጣ ነው፣ ድልድዩ ጋ ደርሷል ብለውኛል» አሉኝ ወደ ሐጂ እያመለከቱ። ለካ ሐጂ እነዚህን ወራት ሁሉ አባቴን ብሎ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ይህንኑ ሲሉ ከርመዋል። ሌላው ትንሽ ጠብቆ ከእኔ ገዝቶ ይሄዳል። እኚህ ግን «እቃው ይቆየኝ፤ ወድቆ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ዓይኑን ሳላይ አልሄድም» አሉ።

ገባ ብዬ ደወልኩ። «ኤ ማን ኢዝ ሲቲንግ ኦን ዩር ቼር» አልኩ። ወንበርህ ላይ ሰው ተቀምጧል ማለቴ ነው፤ «ቼር» የሚለውን ቃል ከቤት ሥራዬ ያውቀዋል።

«እኔ ወንበር ላይ? ማን አባቱ ነው?»

ነገርኩት። «ሐጂ ድልድዩ ጋ ደርሷል ብለዋቸው እየጠበቁህ ነው» አልኩት።

 «ሐጂ በእኔ ምክንያት ዋሾ ሊባሉ ነዋ» አለ። ከዚያ «አይ አም ካሚንግ» ብሎ ዘጋው።

ሳቄ መጣ። ለእንግዳው ሻይ አዘዝኩ። ሻዩ ሲያልቅ ሌላ አዘዝኩ። ሰውየው ቀና ብለው ባዩኝ ቁጥር የማደርገው ጠፍቶኝ ፔርሙዝ እወለውላለሁ። በመጨረሻ ቁርጡን ልወቅ ብዬ ደወልኩ።

«የት ደረስክ አባዬ?»

«ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ።»

በቃ፣ ከሶፋው አልተነሳም አልኩ በልቤ። ይሄኔ በስልኩ ውስጥ የታክሲ ረዳት ጩኸት ተሰማኝ፤ «ሲኒማ ራስ! ሲኒማ ራስ! አባባ፣ ምርኩዝዎን ሰብሰብ ያድርጉ!»

«አንተ ራስህን ሰብስብ!» አለ አባቴ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍኩ በርጩማ ላይ ወጣሁ። ብዙ ቆይቶ በሰው መሐል ኮፍያው ታየኝ፤ ከዚያ ምርኩዙ። ከኋላው አንድ ተሸካሚ ጥቅል ጨርቅ ጭኖ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ይመጣል። ተሸካሚው አጠገቡ ሲደርስ ፊቱን አየና ከነሸክሙ ግድግዳ ተደገፈ። «ጋሼ! የት ጠፉ? ይለፉ፣ ይለፉ!» አለው። ሐጂ የስግደት ሰዓት ሳይሆን መጥረጊያቸውን በር ላይ አጋድመው ወጡ። የቡታጅራው ሰውዬም ተነስተው ወንበሩን በእጃቸው አበሱት።

«ማይ ፋዘር ኢዝ ዎኪንግ» አልኩ በስልኩ፤ አባቴ እየተራመደ ነው። እንባዬ እየወረደ ደግሜ አልኩት።

አባቴ ፊቴ መጥቶ ቆመ። ስልኩ አሁንም ጆሮው ላይ ነው፤ የእኔም እንደዚያው።

«ዝጊው እንጂ» አለኝ፤ «ካርድ እየበላ ነው።»