የኔታ አዛናውና የግድግዳው ዓይን

ወረታ ላይ መምህርት ሰገንን የማያውቅ ተማሪ የለም። ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ጠመኔ ግን እምብዛም አትነካም። መጋረጃውን ትዘጋና ከኮምፒውተሩ በፕሮጀክተር አንዲት ቢጫ ጨረር ግድግዳው ላይ ትለቃለች። ከዚያ ማውሱን ለተማሪ አቀብላ "በሉ አጣምሟት" ትላለች። አንዱ በሥዕሉ ውኃ ውስጥ ይነክራታል፣ ሌላው በመስታወት ይመልሳታል፤ ጫጫታው ሌላ ነው። በወረታ ዙሪያ ውኃ የሚተኛበት የፎገራ ሜዳ ልጅ መቼም ውኃ ውስጥ የቆመ እንጨት ተሰብሮ ሲታየው ነው ያደገው፤ ለምን እንደሆነ የሚነግረው አልነበረም እንጂ።

አባቷ የኔታ አዛናው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደብር ዳዊት ያስተምራሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ ሰውን ግን በድምፁ ነው የሚያውቁት። የባሕር ዳሩ ሐኪም "በቀዶ ጥገና ይነሣል" ብሎ ለሰኞ ቢቀጥራቸው፣ እሳቸው እምቢኝ አሻፈረኝ።

"የዓይኔን ብርሃን የሰጠ እግዚአብሔር፣ የወሰደም እሱ። ሐኪም ከየት አምጥቶ ይሰጠኛል?"

ሰገን ለመነች፣ አለቀሰች፣ አኮረፈች። ወይ ፍንክች። ግትርነቱን እሷም ከሳቸው ነው የወረሰችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰገን የሳምንቱን ትምህርት ስታሰናዳ፣ ሽማግሌው ራሳቸው በደቀ መዝሙር ተመርተው ትምህርት ቤት መጡ። ልጅዎ ብርሃን ታጣምማለች ብለው ደቀ መዛሙርቱ ነግረዋቸዋል። ካልታዘልሁ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ፣ የኔታም በወሬ የሚረኩ ሰው አይደሉም።

"እስቲ አሳዪኝ" አሉና ከፊት ተቀመጡ።

ሰገን ግድግዳውን የሚሞላ ትልቅ ዓይንና ፊት ለፊቱ አንድ መብራት ከፈተች። "ከመብራቱ የወጣው ጨረር ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነው" አለቻቸው።

"ተሳስተሻል። ብርሃን ከዓይን ይወጣል እንጂ አይገባም። የጅብ ዓይን በጨለማ ሲያበራ አላየሽም?"

"የሰው ባትሪ ብርሃን እኮ ነው ዓይኑ ላይ አርፎ ተመልሶ የሚታየው። ባትሪም እሳትም በሌለበት አይተው ያውቃሉ?"

የኔታ ክርክር ይወዳሉ እንጂ አይዋሹም። "አላውቅም" አሉ።

ማውሱን አስያዘቻቸው። "ይችን ሲጫኑ መብራቱ ይጠፋል።" ተጫኑ፤ ግድግዳው ጠቆረ። ደግመው ተጫኑ፤ ፈካ። አጠፉ፣ አበሩ፣ አጠፉ። ማውሱን አላሳርፈው አሉ።

"ዓይኑ ደኅና ሆኖ፣ መብራቱ ከጠፋ አያይም?" ሲሉ ጠየቁ።

"አያይም።"

"መብራቱ እያለ፣ እንደኔ የሆነውስ?"

ሰገን የሥዕሉን ዓይን ሌንስ አደፈረሰችው። ጨረሩ እዚያው ተበታተነ። "ብርሃኑ ዓይንዎ ድረስ ይመጣል፤ ሞራው ነው የማያሳልፈው" አለች።

የኔታ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ሰደዱ። ሲናገሩ ድምፃቸው ተለውጧል።

"በኃጢአቴ የወሰደብኝ መስሎኝ ነበር። ምን በድየው ይሆን እያልሁ ስጨነቅ ነው የከረምሁት።"

ሰገን ይህን ሰምታ አታውቅም። እምቢተኝነት ነው ብላ ስትቆጣው የኖረችው ነገር ለካ ፍርሃት ኖሯል።

"አልወሰደብዎትም፣ አባባ" አለች፤ እጃቸውን ያዘች።

"እንግዲያ ሐኪሙ ብርሃን አይሰጠኝም፤ ሞራውን ነው የሚያነሣልኝ" አሉ የኔታ። ከወንበራቸው ተነሡና፣ "ነገ በጠዋት ቀስቅሽኝ።"