ኑሪያ ለራሷ የገዛችው ቴሌስኮፕ

ኑሪያ ደክሟታል። ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ድካም አይደለም። ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ስድስት ሴቶች የተጠቀጠቁበት ክፍል ውስጥ ቤድ ስፔስ፣ ማለትም የአንድ አልጋ ቦታ ብቻ ተከራይታ፣ በየማለዳው ዱባይ ማሪና ድረስ በአውቶቡስ እየተጎተተች የሰው ቢሮ ታጸዳለች። ከዚያ በፊት ማዳም ቤት፣ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ከወሎ ከወጣች ወዲህ የእናቷን ጣራ አስቀይራለች፣ ታናሽ ወንድሟን ዩኑስን አስተምራ ድራለች። ለራሷስ ምን ገዛች ብትሉኝ፣ ዋላሂ፣ ጫማም የምትገዛው ሲቀደድ ነው።

ታዲያ ይቺ ሴት ቴሌስኮፕ አማራት። አትሳቁባት! የማዳም ቤተሰብ አንዴ በረሃ ለሽርሽር ወጥቶ፣ ባልየው ቴሌስኮፕ ተክሎ ለልጆቹ ጨረቃ ያሳያል። ኑሪያ ሰሃን ስትሰበስብ ትንሿ ልጅ እጇን ጎትታ አስጠጋቻት። ጨረቃ ጉድጓዷና ተራራዋ ሳይቀር ፊት ለፊቷ ድቅን አለች። "ያ አላህ!" ብላ ሳትጨርስ ማዳም "ያላ ኑሪያ፣ ሰሃኑ!" አለቻት። በቃ፣ ያየችው ያችኑ ነው። ሳትጠግበው የቀረችው ነገር ከዚያ ወዲህ ሆዷን ይበላት ነበር።

አንድ አርብ፣ በእረፍቷ ቀን፣ ዱባይ ካለ ሱቅ ገባች። እጇ የሄደው ወደ ትልቁ ካርቶን ነው። ስድስት መቶ እጥፍ ያጎላል የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። ሻጩ ሕንዳዊ ሽማግሌ ነው፤ በሱም በሷም ስብርባሪ አረብኛ ተደጋግፈው ተግባቡ።

"ይሄን ተይው፤ እንዲሸጥ የተጻፈ ነው" አላት። "ከመጠን በላይ ሲያጎላ ይደበዝዛል። እግሩም ቀጭን ነው፣ በነካሽው ቁጥር ጨረቃዋ ትጨፍርብሻለች። ስንት ያጎላል ብለሽ አትጠይቂ። አፉ ምን ያህል ሰፊ ነው፣ መቆሚያውስ ይረጋል ወይ በይ። ለመሆኑ የት ልታስቀምጪው ነው?"

ኑሪያ ሳቀች። ድርሻዋ የተደራራቢ አልጋ ላይኛው ፎቅ ነው! የሕንጻው ሰገነት ላይ ግን ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰፋ ያለ የግንብ አጥር አለ። ይህን ስትነግረው አጭር፣ ወፍራም፣ ውስጡ መስታወት ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥና በእጅ የሚዞር አንድ አወጣላት። የከተማው መብራት ደብዛዛዎቹን ቢደብቅባትም፣ ጨረቃንና የጁፒተርን አጃቢ ጨረቃዎች አይከለክላትም አላት። እሷም በሁለት እጇ አንስታ ዝቅ ከፍ እያደረገች መዘነችው። ወይ ልማድ! እዚህ አገር የኖረ ሐበሻ የኤርፖርቱን ሚዛን ሳያስብ ዕቃ አይገዛም። ቀለል አላት፤ ገዛችው።

ያን ዕለት ሰማዩ አቧራ ለብሶ ዋለ። በማግስቱ ደግሞ አንዷ ሠራተኛ ሥራ ለቀቀችና የሷም ድርሻ ኑሪያ ላይ ወደቀ። ማታ ስትገባ እንኳን ሰገነት ልትወጣ፣ አልጋዋ ላይ መውጣቱ ራሱ ዳገት ይሆንባታል። ካርቶኑ ሳይከፈት ከአልጋው ሥር ሰነበተ።

በዚህ መሃል ከሥሯ የምትተኛው መኪያ አገር መግቢያዋ ደረሰ። የሚሄድ ሰው የክፍሉን ሁሉ አደራ ይዞ ነው የሚሄደው። ኑሪያ መወልወያ ይዛ እንደቆመች መኪያ ደወለችላት።

"ኑርዬ፣ መሄዴ ነው። የምትልኪው የት ነው ያለው?"

"ከአልጋው ሥር ነው፣ ውሰጂልኝ።"

ለእናቷ ያዘጋጀችውን የልብስ ፌስታል ማለቷ ነበር። ማታ ገብታ ጎንበስ ብትል ፌስታሉም የለም፣ ካርቶኑም የለም።

መኪያ አገር ገብታ ደወለች። "አድርሻለሁ! ያ ካርቶን ሻንጣ አልገባ ቢለኝ ለራሴ የገዛሁትን ብርድ ልብስ አውጥቼ ነው የከተትኩልሽ።"

"መኪያ፣ እሱ እኮ የሚላክ አልነበረም።"

"ኧረ በአላህ! ለቤተሰብ ካልሆነ ለማን ትገዢዋለሽ ብዬ ልጠርጥር?"

ብርድ ልብሷን ጥላ የሄደችን ሰው ምን ይሏታል? "አብሽሪ፣ ግድ የለም" አለቻት ኑሪያ።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ዩኑስ በቪዲዮ ደወለ። "እታለም፣ ይሄ የላክሽው ቱቦ ምን ያደርግልናል? ደሴ ወስጄ ልሽጠው?"

ስለላከችው ዕቃ ሲጠይቋት መልሷ ምንጊዜም "እንደፈለጋችሁ" ነው። አሁንም አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

"እንዳትሸጠው!" ብላ ጮኸች። ከፊቷ የተቀመጡት ዞር አሉ። "ለራሴ ነው የገዛሁት!"

"ላንቺ? ምን ልታደርጊበት?"

"ጨረቃ ላይበት!"

ዩኑስ በሳቅ ፈነዳ። እናቷ ስልኩን ነጠቁት።

"አንተ፣ ዝም በል! ልጄ፣ ማንም አይነካብሽም፣ እኔ እቆልፍበታለሁ። መጥተሽ እስክታዪበት ይቀመጣል። ግን መቼ ነው የምትመጪው?"

ለዚህም የተለመደ መልስ አላት፤ "ኢንሻአላህ፣ ለዒድ" ትላለች፣ ዒዱም ያልፋል። ዛሬ ግን ውሸቱ አልወጣ አላት።

"አላውቅም እማ። ደክሞኛል።"

እናቷ ይህን ቃል ከአፏ ሰምተው አያውቁም።

"ነይ በቃ" አሉ። "ምንም አትግዢ። ባዶ እጅሽን ነይ።"

ኑሪያ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ሰው እያያት፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።