በቀትር የመጣ መርዶ

ይህን የሚጽፍልኝ ደብተራ ገና ከመነሻው «ከትውልድሽ ጀምሪ» ብሎ ተቆጣኝ። አልጀምርም! የተወለድኩበትን ማን ጠየቀኝ? እኔ የምጀምረው ደወል ከደወልኩበት ጧት ነው፤ እንደ ሰው የተቆጠርኩት ከዚያን ቀን ወዲህ ነውና።

ደብረ ታቦር በዚያ ዘመን በንጉሡ ወታደር ተሞልታ ነበር። ጋፋት ላይ ፈረንጆቹ ብረት ሲያቀልጡ ጭሱ ከሩቅ ይታያል። ባሌም ወታደር ነበር፤ ለጋፋት ምድጃ ከሰል ከሚያስጭኑት አንዱ። ቀን አለቃው ይሰድበዋል፣ ማታ እሱ እኔን ይመታኛል። ሽማግሌ መከረው፣ የነፍስ አባቱ መከሩት። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ የሱ መከራ ግን የወረደው በኔ ላይ ነው። አንድ ምሽት በፍልጥ ግራ ክንዴን ሰበረኝ። ዛሬም ቀጥ አይልም፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከደመናው ቀድሞ ይነግረኛል።

እናቴ ያለችው አንበሳሜ ነው፤ ለጠንካራ ሰው የቀን መንገድ፣ ለኔ ቢጤ ለተሰበረች የት ይደረሳል! ስለዚህ ሲነጋ እሱ ወደ ሥራው እንደወጣ ክንዴን በነጠላዬ አንጠልጥዬ ሽቅብ ወደ ደብሩ ሮጥኩ። በቅጥሩ ውስጥ፣ ከወይራው ላይ፣ የድንጋይ ደወል ተሰቅሏል። በደህናው እጄ ጠጠር አነሳሁና ደጋግሜ መታሁት። ደወል ደውሎ የተማጸነን ሰው ከቅጥሩ ውስጥ ማንም አይነካውም፤ የንጉሥ ወታደርም ቢሆን። ደንቡ ግን እስከ በሩ ድረስ ነው። አንድ እግርሽ ከውጭ ካረፈ አበቃ።

ድምፁን ሰምተው የወጡት አንዲት አጭር፣ ደረቅ ያሉ መነኩሲት ናቸው። እሰይ ልጄ፣ አይዞሽ ልጄ፣ የለም። ክንዴን አዩ፣ ፊቴን አዩ፤ «በልተሻል?» አሉኝ። አልበላሁም ነበር።

ሁሉም እማሆይ ይሏቸዋል፣ እኔም እማሆይ አልኳቸው። በቅጥሩ ጥግ ያሉትን ሦስት ጎጆዎች የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። የደብሩ የሰንበቴ ሴቶች ያሠሯቸው ናቸው፤ ባል የሸሸች፣ ጦር ቤቷን ያቃጠለባት፣ ዘመድ የጣላት ትጠጋባቸዋለች። በየእሑዱ ተረኛዋ ዳቦና ጠላ ይዛ ስትመጣ ከማኅበሩ አስቀድሞ የጎጆዎቹ ድርሻ ይቆረሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እኔ እንኳ ያን ተረት ስሰማው የኖርኩት ያን ዳቦ እስክበላ ሳይገባኝ ነው።

እማሆይ ወጌሻ አስጠርተው ክንዴን አሳሰሩልኝ። ሦስት ቀን አስተኙኝ፤ በአራተኛው ቀን አንድ ሰፌድ ምስር ጭኔ ላይ አስቀመጡ። «የእግዜር እንግዳ ሦስት ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ የቤት ልጅ ነሽ፤ የቤት ልጅ ደግሞ ትሠራለች፤ ልቀሚ!» በዚያው ጎጆ የተጠጋች አንዲት ዓይነ ስውር ባልቴት ነበረች። «ምን ይገርምሻል፣ እኔንም በዚህ ዓይኔ ጥጥ ያስፈትሉኛል!» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ከስንት ወር በኋላ መሳቄ እንደሆነ እንጃ!

ባሌ መጥቶ ከበሩ ውጭ ፎከረ፤ ቀጥሎ ለመነ፤ ቀጥሎ ሽማግሌ ላከ። እንቢ አልኩ። ለሽማግሌዎቹ ክንዴን አሳየኋቸውና አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ድምፁ ጠፋ።

አንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሁለት አቧራ የጠጡ ሰዎች ከበሩ ውጭ ቆመው ጠሩኝ። ከአንበሳሜ ነው የመጣነው አሉ። «እናትሽ ትናንት ማታ ዐርፋለች። ቀብሩ አንቺን ይጠብቃል፣ ነገ ጧት ነው። አሁኑኑ ከኛ ጋር ካልወጣሽ አትደርሺም።»

ከእናቴ በቀር ማን አለኝ? «እሪ!» ብዬ የምለቅመውን ምስር በትኜ ወደ በሩ ሮጥኩ። እማሆይ ግን ቀድመውኝ ደረሱ፤ በዚያ እድሜያቸው በምን እግር እንደቀደሙኝ እስካሁን ይደንቀኛል። በበሩ ደፍ ላይ አግድም ተጋደሙና «እንግዲህ ተራምደሽኝ ሂጂ!» አሉ።

መነኩሲትን ተራምዶ ማን ያልፋል? ቆምኩ። እሳቸው እዚያው እንደተጋደሙ ሰዎቹን ይጠይቃሉ። «መርዶ በቀትር ይነገራል እንዴ? መርዶ ጎሕ ሲቀድ ነው። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፋት ቆሞ፣ አባ መጥተው ነው። እናንተ የማን ዘመድ ናችሁ? ነጠላችሁን እንኳ ለኀዘን አላዘቀዘቃችሁም!» አንደኛው ሰውዬ መሬት መሬት አየ። ሌላው «እኛ መልእክተኛ ነን፣ ብትፈልግ ትቅር» አለና ጓደኛውን ይዞ ዞሮ ሄደ።

እኔ ግን ምኑን ልስማ? ባለጌም እውነት ይዞ ይመጣል። እናቴ ሳላያት አፈር ሊጫናት ነው! አንቱ ማለቱን ረሳሁት፤ አፌን እንዲህ ስል ከፈትኩ፦ «ያልወለደ አንጀት የለውም! እኔን ከእናቴ ቀብር እንዳስቀረሽኝ፣ አንቺም ስትሞቺ የሚያለቅስልሽ ዘመድ አይኑርሽ!»

ደብተራው ይህን ሲጽፍ ብዕሩን አቆመ። ጻፈው፣ ብያለሁ፣ ምን ላድርግ!

እማሆይ ተነሡ፣ አቧራቸውን አራገፉ። ክፉ ቃል አልመለሱልኝም። «ሰው አልልክም፤ የሰው አፍ ነው እዚህ ያደረሰን። ራሴ በዓይኔ አይቼ እመጣለሁ» አሉና መቋሚያቸውን፣ በቅል ውኃና ትንሽ ቆሎ ይዘው ያንኑ ሰዓት ወደ አንበሳሜ ወረዱ። ከመሄዳቸው በፊት በታቦቱ ስም፣ እስኪመለሱ ከበሩ ላልወጣ አስማሉኝ።

አራት ቀን። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚሉት እውነት ነው፣ አይቼዋለሁ። ባልቴቲቱ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ትዳብሰኛለች። አንዴ እናቴ ሞታለች እላለሁ፤ አንዴ አልሞተችም ብዬ ተስፋ ሳደርግ፣ ያቺን አሮጊት በከንቱ ረግሜ በበረሃ እንደሰደድኳት ትዝ ይለኛል። የቱ እንደሚሻለኝ እንኳ አላውቅም ነበር።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዳገቱ ላይ አህያ ታየች። አህያዋ ላይ የተቀመጡት እማሆይ ናቸው፣ እግራቸው እንደ እንስራ አብጦ። አህያዋን የምትጎትተው እናቴ ናት። በእግሯ! በሕይወቷ!

ከበሩ ሳትገባ ጀመረችኝ። «እኔ ልሙት? ገብሴን ሳላጭድ? ለመሆኑ ደህና አድርገሽ አለቀስሽልኝ?» አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። እሷም ክንዴን ስታይ ቀልዱ ከአፏ ጠፋ፤ ሁለታችንም አለቀስን።

በማግስቱ፣ ሰዎቹን ልኮ ከቅጥሩ ሊያስወጣኝ የነበረው ባሌ ተጠርቶ፣ እናቴ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። «በቁሜ የቀበረኝ አማች ይኸውላችሁ!» አለች። ሽማግሌ ድብደባን ስንት ጊዜ ታረቁ ብሎ አልፏል፤ በውሸት መርዶ ግን አንዱም አልታገሠውም። በዚያች ቀን ከባሌ አፋቱኝ። እሱ ብዙም ሳይቆይ ከጦሩ ጋር ዘመተ፤ የት እንደደረሰ አልጠየቅሁም።

ለእማሆይ ግን ምን ብዬ እግራቸው ላይ ልውደቅ? ወደቅሁ። «ያን ያልኩትን ይማሩኝ» ስል፣ «ምን አልሽኝ? ጆሮዬ ደንቁሯል፤ ይልቅ ውኃ አሙቂና እግሬን እጠቢኝ» አሉ። ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ አብረን ጥጥ ስናባዝት፣ የመርዶው ውሸትነት ምን ርግጠኛ እንዳደረጋቸው ጠየቅኋቸው። «ማን ርግጠኛ ነበረ?» አሉኝ። «መንገዱን ሁሉ እየተንቀጠቀጥኩ ነው የሄድኩት። ሞታ ባገኛት ኖሮ በምን ዓይኔ አይሽ ነበር? ግን ቀብር ቢያመልጥሽ ትኖሪያለሽ፤ ባልሽ እጅ ብትገቢ አትኖሪም ብዬ ነው።»

እናቴ መሬቷን ለወንድሟ ሰጥታ ወደኔ መጣችና ከደብሩ ግርጌ ጎጆ ቀለስን። ሰንበቴው ውስጥ ገባሁ። ከየምርቱ አስቀድሜ የጎጆዎቹን ድርሻ ሰፈርኩ፤ የሚጠጉባቸውን ሴቶች ዱቄት በዚህ ቆልማማ ክንዴ ፈጨሁ፤ ደወል በሰማሁ ቁጥር ሽሮም ሆነ ቅንጬ ይዤ ሽቅብ ሮጥኩ። ደስ እያለኝ ነው ያደረግኩት፤ ማንም አላስገደደኝም። ነገር ግን እማሆይን ባየሁ ቁጥር ያ እርግማን ትዝ ይለኛል። የት አገር ሰው እንደሆኑ እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። እግዜር ሰምቶኝ እንደሆነስ?

አንድ ጧት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። የደብሩ መምሬ ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው የሰንበቴው ሴቶች በሙሉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ሁለቱ ግራና ቀኝ ገብተው ክንዴን ያዙኝ። ዞር ብዬ አየሁ፤ እናቴ ከኋላዬ እሳት እያቀጣጠለች ነው። ታዲያ ማን ሞተብኝ?

«እማሆይ ሌሊት ዐርፈዋል» አሉ መምሬ። «ዘመድ የላቸውም፣ መርዶውን ለማን እንንገር ብለን ስንማከር ባልቴቲቱ ተቆጣችን። ‹ልጃቸው ከግርጌ አለች፤ ሄዳችሁ በወጉ ንገሯት› አለችን።»

ከኔ ቀድማ እሪ ያለችው እናቴ ናት።

ሽቅብ ሮጥኩ። የቅጥሩ በር ላይ ስደርስ ግን፣ ያኔ የተጋደሙበት ደፍ ላይ፣ እግሬ አልሻገር አለኝ። ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ደረሰችብኝና ቆልማማ ክንዴን ያዘች። «ግቢ እንጂ ልጄ፤ ቀብሩ አንቺን ነው የሚጠብቀው» አለችኝ።