«ሥራው ተስማማህ ወይ?»

የልጅ ልጄ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን «ሥራህ ደስ ይልሃል ወይ?» እያለ በወረቀት ይጠይቃል አሉ። ሲያወሩልኝ ደሜ ፈላ። ልጆቹ «አባባ ደግሞ ምን ሆኑ?» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ! እኔ ይህን ጥያቄ በጣሊያን ጊዜ ተጠይቄዋለሁ።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንለው ከተማ ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ እንሠራ ነበር። እኔና የታላቅ እህቴ ባል ከሽንዲ ተይዘን የመጣነው ባንድ ቀን ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ ነበር የምለው። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ እንፈልጣለን፤ ካፖ የምንለው ጣሊያን አሠሪ አለንጋውን ይዞ ከኋላችን ይንጎራደዳል። አያን ንዳድ ያዘው። በትኩሳት ጥርሱ እየተንገጫገጨ መዶሻ ሲያነሳ ባየው አላስቻለኝም። «ባካችሁ፣ እንዲህ ከሰነበተ ይሞታል፤ ቤቱ ላድርሰውና ልመለስ» ብዬ ለመንኩ። ካፖው በአስተርጓሚ «መቆም የቻለ መሥራት ይችላል» አለኝ። ምኑን ቆመ!

በዚያው ሰሞን ሠራተኛው እየጠፋ ጫካ ይገባ ጀመር። ይኸኔ ነው የበላይ ሹም ደብተሩን ይዞ ከተፍ ያለው። አስተርጓሚው ሰበሰበንና «ጌታው የመጡት ሥራው ተስማምቷችሁ እንደሆነ ሊያውቁ ነው። ቅር ያለው ይናገር፤ ይስተካከልለታል» አለን። ጉድ በል! ወደ አያ ጠጋ ብዬ «በራስህ አፍ ንገረው። ታምሜያለሁ፣ ልቀቁኝ በለው» አልኩት። እሺ አለኝ።

ተሰለፍን። አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነውና ከሰላምታ ሳይጀምር አይሆንለትም። «እንዴት አደርክ? ደህና ነህ? ሥራው ተስማማህ?» ይላል ባንድ ትንፋሽ። ሰው እንዴት አደርክ ሲባል ምን ይላል? የመጀመሪያው ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። አስተርጓሚው ተስማምቶታል ብሎ ተረጎመ፤ ሹሙ ጻፈ። ሁለተኛውም እግዚአብሔር ይመስገን። ሦስተኛውም። አያ ጋ ሲደርሱ ጋቢውን ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። እንደዚያ ሆኖ እንኳ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሎ እርፍ! ከልጅነቱ የለመደው መልስ አመለጠው። ሹሙ ዓይኑን ከደብተሩ አላነሳም። እስከ መጨረሻው ሰው ጽፎ ሲያበቃ የካፖውን እጅ ጨብጦ ሄደ።

በማግስቱ ደግሜ ለመንኩ። ካፖው ሳቀ። «በራሱ አፍ ደህና ነኝ ብሏል፤ ተጽፏል» አስባለኝ። ያን ሳቅ ሳስታውሰው ዛሬም እርር ድብን እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን አያ ድንጋይ ላይ እንደ ተቀመጠ ሞተ። ፈቃዱ ያን ጊዜ መጣ! እኔ ለምኜ የከለከሉኝን ለሬሳው ሳይጠየቁ ሰጡ፤ አራት ሰው ጨምረውልኝ በቃሬዛ ተሸክመን ሽንዲ አደረስነው።

ከቀብር በኋላ እህቴ እንዴት እንደሞተ ጠየቀችኝ። ሁሉን ነገርኳት። ካፖውን ረገምኩ፣ ሹሙን ረገምኩ፣ አስተርጓሚውንማ ከነዘር ማንዘሩ። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ከእሱ ቀጥሎ የተሰለፈው ማን ነበር?» አለችኝ።

«እኔ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

እውነቱን ነገርኳት። እኔም ጎንበስ ብዬ እንደ ሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን ነበር ያልኩት። ንዳድ አልያዘኝ፣ ምላሴ አልታሰረ! እህቴ ተነስታ በሩን ከፈተችና «ውጣልኝ ከቤቴ» አለችኝ። እስክትሞት ድረስ አላናገረችኝም።