የብርቄ ትኩሳትና የአሰላ መንገድ

የተነሳነው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ልጄ ብርቄ ቀን እየዘለለ ያንቀጠቅጣታል፣ ያተኩሳታል። ብርድ ነው ብለን ኪኒን ገዛንላት፤ አልተሻላትም። እንዳትሞትብኝ ፈራሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና አጻጻፌን አትታዘቡኝ።

የገበሬ ማኅበራችን ጓድ ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀት ሰጡን። መንደራችን ከሁሩታ በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ ብርቄን በበቅሎ አወረድናት። ከሁሩታ ኢተያ በጭነት መኪና፣ ለሁለታችን ሁለት ብር። ስንዴው ግራ ቀኙን መቅላት ጀምሯል፤ የእኔ ዓይን ግን ከብርቄ ከንፈር አይነሳም።

ከኢተያ ወደ አሰላ

አውቶቡሱ ላይ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ግብርና ቢሮ ዝናብና ሙቀት እየለካ የሚጽፍ ነው። ደብተሩን ታቅፏል።

«እናቴ፣ በእናንተ በኩል ሌሊቱ እንዴት ነው?»

«ብርዱ ላልቷል። ዘንድሮማ ቢንቢ እንቅልፍ ነሳን።»

«ቢንቢ? እዚያ ዳገት ላይ?» ብሎ ሳቀ። «ሌሊቱ መሞቁን እኔም ጽፌዋለሁ። የቢንቢው ነገር ግን የእኔ ሥራ አይደለም።»

አሰላ

ሐኪሙ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው።

«ቆላ ወርዳ ነበር?»

«ኧረ ከሁሩታ አልፋ አታውቅም።»

«እንግዲያው ወባ አይደለም» ብሎ ሌላ መድኃኒት መጻፍ ጀመረ።

ሐኪም ፊት መናገር እፈራለሁ። እየተንተባተብኩ ስለ ቢንቢውና ስለ ሰውየው ደብተር ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሰውየውን ያገኙታል?»

ብርቄን ለነርሷ ትቼ ግብርና ቢሮ ሄድኩ፤ ለምኜ አመጣሁት። ሐኪሙ ደብተሩን አገላብጦ «ሌሊቱ እንዲህ ከሞቀማ ቢንቢው ወባን ይዞ ደጋም ይወጣል» አለና ወደ ሰውየው ዞሮ፣

«ይሄን ለማን ነው የምትልከው?» አለው።

«ለአዲስ አበባ።»

«እኔም የበሽተኞቼን ለአዲስ አበባ! ለመገናኘት እኮ መንገድ መሻገር ነበር የሚበቃን።»

የብርቄ ደም ወዲያው ታየ። ወባ ነው።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ሽሮ አማረኝ አለች። ሁለቱ ሰዎችም በየወሩ የሙቀቱን ደብተርና የበሽተኛውን መዝገብ አብረው ሊያዩ ተስማሙ።

ቤታችን

አየሩ ሲለወጥ፣ ሰማይ የሚለካው ብቻውን፣ በሽተኛ የሚያየውም ብቻውን አይደርስበትም። እኛም ያየነውን ንቀን ዝም ብለናል። ቀድመን ተነጋግረን ቢሆን ልጄ ሁለት ሳምንት ባልነደደች።

ጎረቤቴ አዴ ፋጡማ ደጃችን ላይ ጠበቀችን።

«ምን አሏት?»

«ወባ።»

«ወላሂ አንቺ ቀልደኛ ነሽ! እዚህ ደጋ?» ሳቋን ሳትጨርስ ፊቷ ተለወጠ። «የኔም ሰውዬ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ብርድ ነው ብለን ጋቢ ደራርበንበታል።»

«ደሙን ይዩለት፤ ዛሬውኑ» አልኳት። ነጠላዬን ሳላወልቅ ባሏን ልናስነሳ ተከትያት ሄድኩ።